ዲያዜፓሙ እንቢ ያለኝ ዙር

እናቴ ጤና አዳም ያልገባበትን ቡና ቡና አትለውም። «ልብ ያረጋጋል» ትላለች። እኔም ለማስተርስ ጥናቴ ይህንኑ በነጭ አይጦች ላይ ላየው ተነሳሁ። ፋርማኮሎጂ ለጀመራችሁ ከጠቀማችሁ እስካሁን የደረስኩበትን ላካፍላችሁ።

ቅጠሉ ብዙ አላስቸገረኝም። በጥላ አደረቅኩት፣ ወቀጥኩት፣ በ80 በመቶ ሜታኖል ለ72 ሰዓት ዘፈዘፍኩት። ተጣርቶ ሜታኖሉ ሲተን ጥቁር አረንጓዴ፣ የሚያጣብቅ ኤክስትራክት (ከቅጠሉ ተነጥሮ የወጣው) ቀረኝ።

ፈተናው ያለው ጭንቀትን መለካት ላይ ነው። የምጠቀምበት ፕላስ ሜዝ የሚባል መለኪያ የመደመር ምልክት ይመስላል። ከወለሉ ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ከአራቱ ክንዶቹ ሁለቱ ግድግዳ አላቸው፣ ሁለቱ ግልጥ ናቸው። አይጥ ግልጥና ከፍ ያለ ቦታ ትፈራለች፤ አዲስ ቦታ ማሰስ ደግሞ ትወዳለች። በ5 ደቂቃ ውስጥ ግልጡ ላይ ብዙ ከቆየች ፍርሃቷ ቀንሷል እንላለን።

በመጀመሪያው ዙር ያስደነገጠኝ ለማነጻጸሪያ የሰጠሁት ዲያዜፓም፣ ጭንቀት በማስታገስ የታወቀው መድኃኒት ነው። በኪሎ 1 ሚሊግራም የወሰዱት አይጦች ምንም መድኃኒት ካልወሰዱት አልተለዩም። ሁሉም ግድግዳው ሥር ኩርምት አሉ። የታወቀው መድኃኒት ካልታየበት መለኪያ ላይ ስለ ጤና አዳም ምን ልበል? ኤክስትራክቱን አቆምኩት። ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

መፍትሔውን የነገሩኝ የአይጥ ቤቱን የሚንከባከቡት ጋሼ ናቸው። «ልጄ፣ እጅሽን መች ለመዱት? የምትነኪያቸው መድኃኒት ልትሰጪ ስትመጪ ብቻ ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ከዚያ በኋላ ለአንድ ሳምንት በየቀኑ እያነሳሁ መዳፌ ላይ አቆየኋቸው። ከሙከራው 1 ሰዓት ቀድሜ ክፍሉን እንዲለምዱት አስገባቸዋለሁ። መብራቱን ቀነስኩ፣ ሽቶ መቀባት ተውኩ። አንዷ ስትወጣ ሜዙን በአልኮል ወልውዬ እስኪደርቅ እጠብቃለሁ፤ የፊተኛዋ የፍርሃት ሽታ ለተከታዩዋ ይተርፋልና።

ከዚያ ዲያዜፓምንና ኮንትሮሉን (መድኃኒት ያልወሰዱትን) ብቻ ደገምኩ። ዲያዜፓም የወሰዱት ወደ ግልጡ ወጡ፤ ጫፍ ድረስ ሄደው አንገታቸውን አስግገው ወደ ታች ያያሉ። ያን ቀን ደስታዬን አትጠይቁኝ።

አሁን የኤክስትራክቱም ዙር ተቀርጿል። የትኛዋ ምን እንደወሰደች እንዳላውቅ ጓደኛዬ ቪዲዮዎቹን በኮድ ቀይራልኛለች። እናንተም እንዲህ አድርጉ፤ ውጤቱን የናፈቀ ዓይን ሳያስበው ያዳላል።

አንድ ያሳሰበኝ ነገር አለ። አንዳንዶቹ ግልጡ ላይ ይወጡና ቆመው ይቀራሉ። ይህ መረጋጋት ነው ወይስ መፍዘዝ? ቆይታውን ብቻ ብቆጥር ልሳሳት እችላለሁ። ስለዚህ ወደተዘጉት ክንዶች የገቡበትንም እቆጥራለሁ፤ እሱ አብሮ ከወረደ እንቅልፍ እንቅልፍ ብሏቸው ይሆናል። ሮታሮድም እጨምራለሁ፤ በሚሽከረከረው ዘንግ ላይ የፈዘዘችዋ ቶሎ ትወድቃለች።

ገና አሥራ አንድ ቪዲዮ ይቀረኛል። ኮዱን ቅዳሜ እንከፍተዋለን።