አሚትሪፕቲሊን ለፊኛ ሕመም፦ ከግማሽ ኪኒን ተነስቶ ቀስ እያሉ መጨመር

የፊኛ ሕመም ከሞጣ ወይም ከፍኖተ ሰላም ባሕር ዳር ድረስ ያመላለሰው ሰው፣ በመጨረሻ አሚትሪፕቲሊን ታዞለት ፋርማሲ ሲገባ ብዙ ጊዜ የሚሰማው «ይሄ እኮ የድብርት መድኃኒት ነው» የሚል ቃል ነው። ደንግጦ ቤቱ ይገባል፣ ኪኒኑም ሳይነካ ይቀመጣል። በጣም ያሳዝናል፤ ምክንያቱም በአገራችን በቀላል ዋጋ ከሚገኙት ለዚህ ሕመም ከሚታዘዙ መድኃኒቶች አንዱ ይሄው ነው። ለድብርት ሲታዘዝ አብዛኛውን ጊዜ ከ75 ሚሊግራም በላይ ይደርሳል። ለፊኛ ግን በ10 ሚሊግራም አካባቢ ይጀመራል። ሥራውም ሌላ ነው፦ ከፊኛ ሕመም የሚያመላልሱትን ነርቮች ያረጋጋል፣ የፊኛውን ጡንቻ ያላላል፣ ሌሊት አሥር ጊዜ የሚያስነሳውን ሽንት ቀንሶ እንቅልፍ ይሰጣል።

መጀመሪያ ሕመሙ ራሱ መለየት አለበት። ፊኛ ሲሞላ ከእምብርት በታች የሚጫን ወይም የሚያቃጥል ሕመም፣ ሲሸኑ ፋታ የሚሰጥ፣ ከ6 ሳምንት በላይ የቆየ፣ የሽንት ካልቸር (ሽንት ውስጥ ተህዋሲ መኖሩን የሚያይ የላቦራቶሪ ምርመራ) ሲሠራ ደግሞ ተህዋሲ የማይገኝበት ከሆነ ሐኪም ይህን ኢንፌክሽን ያልሆነ የቆየ የፊኛ ሕመም ያስባል። ካልቸር ሳይሠራ ሲፕሮ የተባለውን አንቲባዮቲክ እየገዙ መዋጥ ሕመሙን አያድንም፤ ኋላ እውነተኛ ኢንፌክሽን ሲመጣ መድኃኒቱ እንዳይሠራ ያደርጋል። ሽንት ውስጥ ደም ከታየ ኪኒን ከመጀመሩ በፊት ፊኛው በመሣሪያ ይታይ፤ ድንጋይ፣ የሽንት ቧንቧ ቲቢና ካንሰርም እንዲሁ ያማሉና።

ሐኪም ዘንድ ከመሄድዎ በፊት አንድ ነገር ቢያደርጉ ሥራው በግማሽ ይቀላል። የውኃ ሃይላንድ አንገቱን ቆርጠው ይጣሉ። በ10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ አሥር ጊዜ ውኃ ጨምረው በደረሰበት ላይ በእስክሪብቶ መስመር ያስምሩ፤ ያ 100 ነው። እንደገና አሥር ጊዜ ሲጨምሩ 200፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ለ3 ቀን በእያንዳንዱ ሽንት ሰዓቱን፣ መጠኑንና ሕመሙን ከ0 እስከ 10 በደብተር ይጻፉ። ጤነኛ ፊኛ በአንድ ጊዜ 300 ሚሊ ሊትር ገደማ ይይዛል፤ በዚህ ሕመም 100 እንኳ ሳይሞላ የሚያስቸኩለው ብዙ ነው። መድኃኒቱ መሥራቱን የሚነግርዎት ኋላ ይኸው ደብተር ነው።

ለሐኪሙ የማይደበቁ ነገሮች አሉ፦ የልብ ሕመም፣ የሚጥል በሽታ፣ የዓይን ግፊት፣ እርግዝና፣ በወንድ የፕሮስቴት ማበጥ። ትራማዶል (የሕመም ማስታገሻ) ወይም ፍሉኦክሲቲን (ሌላ የድብርት መድኃኒት) የሚወስድ ሰው ይህን ሳይናገር አሚትሪፕቲሊን መጀመር የለበትም። ዕድሜው የገፋ ወይም ልቡ የሚያጠራጥር ሰው ቀድሞ ኢሲጂ (የልብ ምት ምርመራ) ቢነሳ ጥሩ ነው።

አሁን ወደ አወሳሰዱ። ባለ 10 ሚሊግራም ኪኒን ካልተገኘ ባለ 25ቱ በስለት ለሁለት ይከፈላል፣ 12.5 ይሆናል። ሲከፈል ሽፋኑ ስለሚላጥ ይመራል፤ ምላስ ላይ ከቆየ ያቃጥልና ያደነዝዛል። ስለዚህ ቶሎ በውኃ ይዋጥ። ሰዓቱ ማታ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት የሚነሳ ሰው ማታ 2 ሰዓት ገደማ ቢወስደው የጠዋቱ ድብታ ይቀንሳል፤ 4 ሰዓት ላይ የወሰደው ግን ጠዋት እግሩን እየጎተተ ይነሳል። ከተስማማ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ወደ 25፣ ከዚያ ወደ 50፣ ካስፈለገ ወደ 75 ከፍ ይላል፤ ከፍ የሚያደርገው ግን ሐኪሙ ነው።

አብዛኛው ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። አፍ ይደርቃል፣ ድብታ ይመጣል፣ ሕመሙ ግን ገና አልቀነሰም። «አልሠራልኝም» ተብሎ በ10ኛው ቀን ይቆማል። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ፣ 271 ሕመምተኞች የተሳተፉበት ጥናት አለ። መድኃኒቱን ከወሰዱት በጠቅላላው 55 በመቶው ሲሻላቸው መድኃኒት የሌለበት ባዶ ኪኒን ከተሰጣቸው ደግሞ 45 በመቶው ተሽሏቸዋል፤ ልዩነቱ አጥጋቢ አልነበረም። 50 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ከደረሱት ግን 66 በመቶው ተሻላቸው፣ በባዶው ኪኒን ወገን 47 በመቶ። ስለዚህ መጠኑ ሳይደርስና ጥቂት ሳምንታት ሳይቆይ መፍረድ አይገባም።

ድብታው በአብዛኛው በሁለት ሳምንት ውስጥ ይለዝባል። እስከዚያ ባጃጅም ሆነ ሞተር መንዳት አደገኛ ነው፤ አረቄና ጠላም ድብታውን ያባብሳሉ፣ አረቄ ደግሞ ፊኛውንም ያቃጥላል። የሆድ ድርቀት ዋና ጠላት ነው፤ የሞላ አንጀት ፊኛውን ተጭኖ ሕመሙን ይመልሰዋል። ለዚህ ተልባ ጥሩ ነው፤ ከኪኒኑ ጋር ሁለት ሰዓት ያህል አራርቁት እንጂ። ሽንት ጨርሶ እምቢ ካለ፣ ወይም ልብ ያለ ልክ ከመታና ራስን ካሳተ ግን በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ነው።

ጾም ላይ ችግር የለበትም፤ ኪኒኑ የማታ ስለሆነ። ችግሩ እስከ 9 ሰዓት ውኃ ሳይጠጡ መዋል ነው፤ ሽንቱ ይወፍርና ያቃጥላል። ከ9 ሰዓት በኋላ ውኃውን በጥቂት በጥቂቱ መጠጣት ነው፤ አንድ ላይ አንድ ሊትር አይገልበጥ። ሕመሙ በጸናበት ጊዜ ግን ለንስሐ አባት መንገር ይሻላል። ለመቁረብ ሲባል አንድ ማታ ቢታለፍ በማግሥቱ እጥፍ አይወሰድም፤ በተለመደው መጠን መቀጠል ነው። ጸበል መጠጣት መድኃኒቱን አያበላሽም። ጸበል ገባሁ ብሎ በአንድ ቀን ማቋረጥ ግን ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት ያመጣል።

ከምግብ ቡና፣ በርበሬ፣ ሎሚና ቲማቲም በብዙ ሰው ላይ ሕመሙን ያስነሳሉ፣ በሁሉም ላይ ግን አይደለም። ለሦስት ሳምንት አልጫ እየበሉ ቆይተው አንድ በአንድ ይመልሷቸው።

ከአሜሪካ ዘመድ ኤልሚሮን የሚባል ሌላ የፊኛ ሕመም መድኃኒት የሚልክላቸውም አሉ። እሱ 100 ሚሊግራም በቀን ሦስት ጊዜ፣ ከምግብ 1 ሰዓት በፊት ወይም 2 ሰዓት በኋላ የሚወሰድ ነው፣ ለውጡ ወራት ይፈጃል። እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ግን የዓይን ሬቲናን (ብርሃን የሚቀበለውን የዓይን ውስጠኛ ክፍል) ሊጎዳ እንደሚችል ማስጠንቀቂያ አለበት፤ ዓይን ሳይታይ በሻንጣ በመጣ ብቻ አይጀመር። ደምንም ትንሽ ያቀጥናል።

ኪኒኑን ቆልፉበት። ለሕፃን ልጅ ጥቂት አሚትሪፕቲሊን እንኳ ልብን እስከ ማቆም ይደርሳል፤ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ወይም ትራስ ሥር የሚቀመጥ መድኃኒት አይደለም። ሕመሙ ለወራት ጋብ ሲል ደግሞ ሐኪሙ በየጥቂት ሳምንቱ 10 ወይም 12.5 ሚሊግራም እየቀነሰ ያወርደዋል፤ ሲወርድ ሕመሙ ከተመለሰ ወደ ቀደመው መጠን ይመለሳል።