ቦን፦ የቧንቧ ኦርጋን ከሚሠራበት ወርክሾፕ

ጀርመን ውስጥ ከኮሎኝ ቦን በባቡር ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። በንፋስ በሚነፉ ቧንቧዎች የሚዘምረውን የቤተ ክርስቲያን መሣሪያ የሚሠሩት የክላይስ ኦርጋን ሠሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1882 ጀምሮ እዚህ ከተማ ይሠራሉ፤ ኮሎኝ ካቴድራል ውስጥ ከፍ ብሎ የተንጠለጠለው የ1998ቱ ኦርጋንም የእነሱ እጅ ሥራ ነው።

የዚህ ሙያ ጎብኚ ሁሉ የሚጓጓው ማቅለጫውን ለማየት ነው። የቧንቧው ብረት የቲንና የእርሳስ ቅይጥ ነው፤ ቲን በ232 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ እርሳስ በ327 ይቀልጣል። ቲኑ ሲበዛ ቧንቧው ይጠነክራል፣ እርሳሱ ሲበዛ ይለሰልሳል። የቀለጠውን ታቹ ክፍት በሆነ ሳጥን ሞልተው በረጅም ጠረጴዛ ላይ ሳያቋርጡ ይገፉታል፤ ከኋላው ላሜራ ይቀራል። እንደ መስታወት ያብለጨልጭ የነበረው ገጽ ሲረጋ በአንድ ጊዜ ይደበዝዛል። አገፋፉ ከተዛባ ውፍረቱም ይዛባል፤ ላሜራው ተመልሶ ይቀልጣል። ጥሩ የወጣው ተልጎና ተቆርጦ በዘንግ ላይ ይጠቀለላል፣ ይበየዳል። የሚበየደው መስመር ግራና ቀኙን አስቀድሞ ቅብ ካልተቀባ ብየዳው እየፈሰሰ ላሜራውን ያበላሻል። ስምንት ጫማ፣ ማለትም 2.4 ሜትር ገደማ የሆነ ቧንቧ፣ ግማሹን ቢያጥር ያው ድምፅ አንድ ኦክታቭ፣ ማለትም እስከሚቀጥለው ተመሳሳይ ኖታ ድረስ፣ ከፍ ብሎ ይሰማል።

ለእኔ ግን ኦርጋን የሚሞተውም የሚድነውም ቧንቧዎቹ በላዩ በሚቆሙበት፣ ንፋስ በሚያድላቸው የንፋስ ሳጥን ነው። እያንዳንዱ ቁልፍ በሳጥኑ ውስጥ የራሱ ቦይ አለው፤ ከቦዩ ሥር ቆዳ የለበሰ ክዳን በስፕሪንግ ተደግፎ ይዘጋል፣ ቁልፉ ሲጫን ተከፍቶ ንፋስ ያስገባል። ክዳኑ ላይ ስንጥር እንጨት ብትቀር ጣት ከቁልፉ ቢነሳም ድምፁ አይቆምም። እንጨቱ በደንብ ሳይደርቅ ከተሠራ፣ ወይም የክረምት ማሞቂያ ካሰነጠቀው፣ ንፋስ ከቦይ ወደ ቦይ እያፈተለከ ያልተነካ ቧንቧ ቀስ ብሎ ያንሾካሽካል። ይህን ለመጠገን ብዙ ጊዜ በላዩ የቆሙትን ቧንቧዎች ሁሉ ማንሳት ያስፈልጋል። ግፊቱ ራሱ ትንሽ ነው፤ በውሃ ሲለካ 80 ሚሊ ሜትር የተለመደ ነው፤ ሰው ፊኛ ሲነፋ እንኳ ከዚህ ይበልጣል። ወናፉን አሁን የሚሞላው የኤሌክትሪክ ማራገቢያ ነው።

ኦርጋኑ ወርክሾፑ ውስጥ ተገጣጥሞ ይፈተሻል፤ ከዚያ ተፈታትቶ ይጫናል። የቧንቧዎቹ አፍና የእግራቸው ቀዳዳ የመጨረሻ ማስተካከያ የሚደረግላቸው ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ነው፤ ድምፁ ከግድግዳው ጋር ካልተሰማ አይፈረድም። ሙቀት ሲጨምር የአብዛኞቹ ቧንቧዎች ቅኝት ከፍ ይላል፣ የናስ ምላስ ያላቸው ግን እምብዛም አይነቃነቁም። ስለዚህ ቃኚዎቹ ሥራ ከመጀመራቸው በፊት አዳራሹ በቅዳሴ ሰዓት ወደሚኖረው ሙቀት እንዲደርስ ያስደርጋሉ።