መጽሐፉ በአንድ መስመር ያለፈው ቫርኒሽ

የልዑል ዓለማየሁን ፊት የምናውቀው ከፎቶ ነው። ካነሱት ሰዎች አንዷ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ናት። ዘመኑ 1868 እ.ኤ.አ. ነው፤ ልጁ ከመቅደላ ተወስዶ እንግሊዝ በደረሰ ሰሞን፣ ዋይት ደሴት ላይ። እሱ 7 ዓመቱ ነበር። እሷ በ48 ዓመቷ ካሜራ በስጦታ አግኝታ፣ የዶሮ ቤቷን ስቱዲዮ፣ የከሰል ማስቀመጫውን ጨለማ ክፍል ያደረገች ሴት ናት። የሠራችበትን የእርጥብ ኮሎዲዮን ዘዴ (ኮሎዲዮን በኤተርና በአልኮል የተሟሟ ዝልግልግ ፈሳሽ ነው፤ መስታወት ላይ ፈስሶ ሳይደርቅ ፎቶ ይነሳበታል) አዲስ አበባ ላይ በ13 በ18 ሴንቲ ሜትር መስታወት ሞከርኩት። መጻሕፍቱ የሚያስፈራሩት በሲልቨር ናይትሬትና በኤተር ነው። እኔን ያቃጠለኝ ግን ቫርኒሹ ነው።

ሌላው ሁሉ በትዕግሥት የሚወጡት ነው፤ ለኤተሩ የድጋፍ ደብዳቤ ፍለጋ ከቢሮ ቢሮ መንከራተቱን ሳልቆጥር። መስታወቱን ጠርዙን ሞርዳችሁ በጠመኔ ዱቄትና በአልኮል አጽዱ። ኮሎዲዮኑን መሃል ላይ አፍስሳችሁ ወደ አራቱም ማዕዘን አዳርሱና ትርፉን ወደ ጠርሙሱ መልሱ። እስኪረጋ ጠብቁ የሚለውን ምክር ግን በባሕር ጠረፍ ሰዓት አትቁጠሩት። በእኛ ከፍታ ኤተር 30 ዲግሪ ሳይሞላው ይፈላል፤ ቶሎ ይበራል። ማዕዘኑን በጣት ስትነኩት አሻራ ይዞ ጣት ላይ ካልተጣበቀ በቃ። ከዚያ በቀይ መብራት 9 በመቶ የሲልቨር ናይትሬት መንከሪያ ውስጥ 4 ደቂቃ፤ ከዚያ ሳይደርቅ ካሜራ ውስጥ አስገብታችሁ ፎቶውን አንሱበት። ምስሉን የሚያወጣው ፈሳሽ፣ ማውጫው፣ 15 ግራም ፌረስ ሰልፌት፣ 15 ሚሊ ሊትር አሴቲክ አሲድ፣ 15 አልኮል፣ 350 የተጣራ ውሃ ነው። ምስሉን ለማጽናት ሃይፖ (ሶዲየም ታዮሰልፌት) 20 በመቶ ይበቃል፤ ፖታሲየም ሳያናይድ ይሻላል የሚላችሁን አትስሙ፣ ገዳይ ነው።

ትኩረት ጥርት ይበል የሚለውንም አልቀበልም። ካሜሮን ሌንሱን ስታስተካክል ለዓይኗ ውብ ሆኖ ሲታያት እዚያው ታቆም ነበር፤ የዘመኑ ተቺዎች አላዋቂ አሏት። የሰው ፊት ለደቂቃዎች ተቀምጦ ሲነሳ ትንሽ መናወጡ ሕይወት ነው።

ወደ ቫርኒሹ ልምጣ። የደረቀ ኔጋቲቭ ላይ ያለው ፊልም ከሽንኩርት ልባስ የሳሳ ነው፤ ጥፍር ይቧጥጠዋል። ስለዚህ ቫርኒሽ የግድ ነው። ቅመሙ 57 ግራም ሳንዳራክ ሙጫ፣ 414 ሚሊ ሊትር 95 በመቶ አልኮል፣ 44 ሚሊ ሊትር የላቬንደር ዘይት። በቡና ማጥለያ ወረቀት ሁለት ጊዜ አጥልሉት፤ ሳንዳራክ የዛፍ ልጣጭ አያጣውም።

መልኩ ዕጣን ስለሚመስል መጀመሪያ በራሳችን ዕጣን ልተካው ሞከርኩ። ሞኝነት ነበር። ዕጣን ውስጥ አልኮል የማይፈታው ሙጫ አለ፤ ጠርሙሱ ሥር ይዘቅጣል፣ ላይ የቀረው ደግሞ ሲደርቅም እጅ ይይዛል። ሳንዳራኩ ከውጭ መጣ። ቀጥሎ ለእጅ ማጽጃ የሚሸጠውን 70 በመቶ አልኮል ተጠቀምኩ፤ ውሃው ስለበዛ ሙጫው በቅጡ አልሟሟም፣ ሳህኑ፣ ማለትም መስታወቱ፣ ላይ እንደ እርጎ ነጣ። ተናድጄ ንጹሕ የሚባለውን 99 በመቶ ገዛሁ። እስከዚያ ካነሳኋቸው ሁሉ የተሻለውን ኔጋቲቭ ይዤ አፈሰስኩበት። ጉንጩ ተንሸራተተ። መጀመሪያ ከአፍንጫው ጎን ቀጭን መስመር ተከፈተ፣ ከዚያ ፊቱ ተጠቅልሎ ወደ ታችኛው ጠርዝ ወረደና ከቫርኒሹ ጋር ጠርሙሱ ውስጥ ገባ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ በጣም የጠነከረ አልኮል ራሱን ኮሎዲዮኑን ያሟሟል። ከ100 ሚሊ ሊትሩ 5 ያህሉ ውሃ ቢሆን ኖሮ አይነካውም ነበር። የምከተለው መጽሐፍ ይህን አይልም፤ «አልኮል» ብሎ ያልፋል። እኔም በተጣለ ሳህን ሳልሞክር በምርጡ መጀመሬን እስከ ዛሬ አልረሳውም።

አሁን እንዲህ አደርጋለሁ። ሳህኑን በአልኮል መብራት ላይ እያዟዟርኩ አሞቃለሁ፤ የእጅ ጀርባ የሚችለው ሙቀት ይበቃል። ከቀዘቀዘ ቫርኒሹ ይደበዝዛል። ከእሳቱ ርቄ አፈስሳለሁ፣ በአንድ ማዕዘን አንጠፈጥፋለሁ፣ እስኪደርቅ እንደገና አሞቃለሁ። ጠርዙ ላይ የቀረ ጠብታ ወደ እሳት ከቀረበ ይያያዛል። የላቬንደሩንም ዘይት ወረቀት ላይ ጠብ አድርጉት፤ ተንኖ የቅባት እድፍ ከተወ የተበረዘ ነው። ዘይቱ ቫርኒሹን ያለሰልሰዋል፤ ያለሱ እንደ ደረቅ ጭቃ ይሰነጠቃል።

ስንጥቁ ካሜሮንንም አልማራትም። በ1869 በጻፈችው ደብዳቤ በዚያው ዓመት 45 ውድ ኔጋቲቮቿ እንደጠፉባት ተናግራ ጥፋቱን በኮሎዲዮኑ ወይም በቫርኒሹ ላይ አድርጋለች። የኔን የሰነጠቀው ግን በአግባቡ ያልታጠበ ሃይፖ ነበር። ግማሽ ሰዓት በሚፈስ ውሃ እጠቡ ይባላል፤ ውሃ በተራ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ቀልድ ነው። ሳህኑን ትሪ ላይ አስተኝቼ በየ5 ደቂቃው ስድስት ጊዜ ውሃ እቀይራለሁ፤ አንድ ባልዲ ይበቃል።

ኔጋቲቩ የሚታተምበት፣ በእንቁላል ነጭ የተቀባው ወረቀት አላስቸገረኝም፤ እንቁላሉን በጾም ግዙት፣ ይረክሳል። ቫርኒሹ ግን ሁለት ቀን ሳይሞላው ፀሐይ ላይ አታትሙ። ሲሞቅ ይለሰልስና ወረቀቱ ላይ ይጣበቃል፤ ስትልጡት ከፊቱ ግማሹ አብሮ ይነሳል።