ጫማዬን ያስቀረው ጭቃ

ዋናው ዓላማዬ ከጥቂት ወራት በኋላ የምሮጠው የ42.195 ኪሎ ሜትር ማራቶን ስለሆነ፣ ባለፈው እሑድ በጫካ ውስጥ ለተካሄደው የ15 ኪሎ ሜትር ውድድር የተመዘገብኩት ለልምምድ እንጂ ለደረጃ አልነበረም። ሌሊቱን ሲጥል ያደረው ዝናብ ግን መንገዱን ማጥ አድርጎት ጠበቀን።

ሦስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ፣ ከቁልቁለቱ ግርጌ፣ ግራ እግሬ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ሰጥሞ ስስበው ጫማዬ እዚያው ቀረ፤ በአንድ እግሬ እየተንገዳገድኩ በሁለት እጄ መንጭቄ እስካወጣው ድረስ አሥር ያህል ሯጮች አለፉኝ። (ማሰሪያውን አጥብቄ አለመቋጠሬ የራሴ ስንፍና ነው።) ከዚያ በኋላ ሰዓቴን ማየት ተውኩ፤ ጭቃ ላይ እግር መሬቱን በገፋ ቁጥር ስለሚንሸራተት ከጉልበቱ ከፊሉ ይባክናል፤ ስለዚህም አስፋልት ላይ የለመዱትን ፍጥነት ለመጠበቅ መታገል ልብን ያለ ፋይዳ ማስጨነቅ ነው። እርምጃዬን አሳጥሬ፣ ክንዶቼን ለሚዛን ከፈት አድርጌ፣ በትንፋሼ ልክ ሮጥኩ።

በማግስቱ ያመመኝ ባቴ ሳይሆን፣ በአስፋልት ልምምድ እምብዛም የማይሰማኝ የዳሌዬና የቁርጭምጭሚቴ ዙሪያ ጡንቻ ነበር። ረጅሙን ሩጫዬን ከማክሰኞ ወደ ሐሙስ አዛውሬዋለሁ፤ ጫማው ግን ጋዜጣ ተጠቅጥቆበት አሁንም በረንዳ ላይ እየደረቀ ነው።