ፈረሱን ከማልበስ በፊት ጠጉሩን ማየት

ማታ ብርዱ ሲጠና ብዙ ሰው ጃኬቱን ደርቦ ጋጣ ይገባና ፈረሱንም ያለብሳል። ከፍቅር ነው፤ ግን ሰውና ፈረስ የሚበርዳቸው በአንድ ልክ አይደለም። ጤነኛ፣ ያልተሸለተና የብርድ ጠጉሩን አብቅሎ የጨረሰ ፈረስ ደረቅ ከሆነና ንፋስ ካልመታው ከዜሮ በታች እስከ 7 ወይም 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ብዙም ሳይቸገር ሙቀቱን ይጠብቃል። ጠጉሩ አጭር የሆነው ወይም የራሰው ግን ገና 5 ዲግሪ አካባቢ ላይ ጉልበቱን ለሙቀት ማውጣት ይጀምራል።

ልዩነቱ ያለው ጠጉሩ ላይ ነው። ሲበርደው ጠጉሩ ከሥሩ ይቆምና በመካከሉ አየር ይይዛል፤ የሚያሞቀውም ያ አየር ነው። በረዶ ወርዶበት ጀርባው ላይ ሳይቀልጥ ተቀምጦ ብታዩ አትደንግጡ፤ የገላው ሙቀት ወደ ውጭ እያመለጠ አይደለም ማለት ነው። እንዲህ በቆመ ጠጉር ላይ ስስ፣ መሙያ የሌለው ልብስ ሲጣልበት ጠጉሩ ይተኛል፣ አየሩም ይወጣል፤ ልብሱ ደግሞ በምትኩ የሚሰጠው ሙቀት የለውም። በደረቅ ብርድ እንዲህ የለበሰ ፈረስ ካልለበሰው ይልቅ ሊበርደው ይችላል። ስስ ልብስ የሚጠቅመው ዝናብ ከንፋስ ጋር ሲመጣ ነው፤ የራሰ ጠጉር አየር መያዝ ስለማይችል ውሃውን ማስቀረት ብቻውን ትልቅ እርዳታ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ የኖርዌይ ተመራማሪዎች ጥናት ይህን ከፈረሶቹ ከራሳቸው ጠይቆታል። 23 ፈረሶች ምልክት ያለበት ሰሌዳ በአፍንጫቸው እየነኩ ልብስ መልበስ ወይም ማውለቅ መፈለጋቸውን መናገር ተማሩ። ዝናብ፣ ንፋስና ብርድ ባንድነት ሲመጡ ልብስ ጠየቁ፤ አየሩ ጥሩ ሲሆን ደግሞ እንዲወልቅላቸው።

ያለ ክርክር መልበስ ያለባቸው አሉ፦ የተሸለተ፣ የከሳ፣ የታመመ፣ ጥርሱ አልቆ በደንብ ማኘክ ያቃተው ሽማግሌ ፈረስ፣ እንዲሁም ከሞቃት አገር ገና የመጣ። የመጨረሻው አየሩን ለመልመድ ከ10 እስከ 21 ቀን ይፈልጋል። አህያም አብሮ ካለ አትርሱት፤ ጠጉሩ እንደ ፈረስ ውሃ አይመልስም፣ በብርድ ጊዜም ያን ያህል አይወፍርም።

ልብስ ሲመረጥ ሁለት ቁጥሮች ይምታታሉ። ሙቀቱን የሚናገረው በግራም የሚጻፈው የመሙያው መጠን ነው፤ 0፣ 100፣ 200 እያለ እስከ 400 ይሄዳል። ዴኒየር የሚባለው፣ ማለትም 600 ወይም 1200፣ የውጪው ጨርቅ ክር ውፍረት ነው፤ ቶሎ እንዳይቀደድ ይረዳል እንጂ አያሞቅም። ልኩ የሚወሰደው ከደረቱ መሃል ተነስቶ በጎኑ በኩል እስከ ታፋው መጨረሻ ነው። ጠባብ ልብስ ትከሻውንና ጫንቃውን እየፈገፈገ ይልጠዋል፤ ሰፊው ደግሞ ወደ ጎን ይዞርና እግሩን ይጠልፋል።

ከማልበሳችሁ በፊት ጠጉሩ ደረቅ ይሁን፣ ጭቃውም ይራገፍ። ልብሱን ወደ አንገቱ ጠጋ አድርጋችሁ ጣሉትና ወደ ኋላ፣ በጠጉሩ አቅጣጫ ሳቡት። ብዙ ወደ ኋላ ከሄደ አንስታችሁ እንደገና ጀምሩ እንጂ ወደ ፊት አትጎትቱት፤ ጠጉሩ ከሥር ተገልብጦ ቀኑን ሙሉ ያሳክከዋል። መጀመሪያ የደረቱ ዘለበት፣ ቀጥሎ የሆዱ ማሰሪያ፣ መጨረሻ የኋላ እግር ማሰሪያዎች ይታሰራሉ። የሆዱ ማሰሪያ ከሆዱ የመዳፍ ወርድ ያህል ይራቅ፤ ከዚያ ከላላ ፈረሱ ተኝቶ ሲነሳ ኮቴው ይገባበታል። የእግሮቹን ማሰሪያዎች አንዱን በሌላው ውስጥ አሳልፉ፤ ተያይዘው ሲቆዩ ጭኑን አይፈገፍጉም። ሲወልቅ በተቃራኒው ነው፣ ከእግር ወደ ደረት። ደረቱ ቀድሞ ተፈትቶ ፈረሱ ቢደነግጥ ልብሱ ኋላ እግሩ ላይ ይንጠለጠላል፤ ከዚያ በኋላ ማረጋጋት ከባድ ነው።

በርዶት ወይም ሞቆት እንደሆነ ጆሮውን ነክቶ መፍረድ ያሳስታል። እጃችሁን በልብሱ ሥር ወደ ጫንቃውና ከክርኑ ኋላ ስደዱ። ደረቅና ለብ ያለ ከሆነ ደህና ነው። እርጥብ ከሆነ አልቦታል፤ ያ ላብ ማታ ሲቀዘቅዝ ልብስ ካለመልበሱ የባሰ ነው። ቀን ፀሐይ ከወጣ ወይ ይውለቅ ወይ በስስ ይቀየር። ውጪው ውሃ የማያስገባ ልብስ ውስጡ እርጥብ ሆኖ ቀናት ከቆየ ቆዳው ላይ ቅርፊት የሚያወጣ የባክቴሪያ በሽታ ይመጣል። በቀን አንዴ ሙሉ በሙሉ አውልቃችሁ ጎድኑን በጣታችሁ ዳብሱ፤ ረጅም ጠጉርና ልብስ ተደራርበው ክሳትን ለሳምንታት ይደብቃሉ።

የሚንቀጠቀጥ ፈረስ ካገኛችሁ ከልብሱ ጋር ድርቆሽ ስጡት። ድርቆሽ በትልቁ አንጀት ሲብላላ ሙቀት ይወጣዋል፤ እህል በዚህ አይተካውም። 500 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ በቀን ከ7.5 እስከ 10 ኪሎ ድርቆሽ ይፈልጋል፤ ብርዱ ከሚችለው በታች በወረደ በእያንዳንዱ ዲግሪ ወደ 2 በመቶ ይጨመርለታል። በ10 ዲግሪ ከወረደ እስከ 2 ኪሎ ጭማሪ ማለት ነው። ድርቆሹ ሲጨመር የገንዳው በረዶ ተሰብሮ፣ ውሃውም ትንሽ ለብ ብሎ ይቅረብ፤ በጣም ሲቀዘቅዝ ትንሽ ብቻ ይጠጣና የበላው አንጀቱ ውስጥ ደርቆ ቁርጠት ይይዘዋል።