ሌሊቱን ሙሉ አረንጓዴ

ደሴ ያለው ቅርንጫፋችን ድሮ ሥራውን የሚሠራው በቴሌግራም ነበር። ደብዳቤውም፣ የደመወዝ ወሬውም፣ የለቅሶ መዋጮውም አንድ ግሩፕ ውስጥ ይራኮታል፤ ተደበላለቀ ብሎ ያማረረ ግን አልነበረም። አዲስ አበባ ያሉት አለቆች «ዘመናዊ አሠራር» ብለው ሌላ አፕ አመጡብን። ሲጫን ኮምፒውተሩ የሰዓት ክልል ምረጡ አለ። ዝርዝሩ ውስጥ ደሴ ቀርቶ አዲስ አበባም የለችም። ናይሮቢን መርጠን ገባን።

ነጥቧ መጣች ከዚያ። ከስምህ ጎን ተለጥፋለች፤ ስትሠራ አረንጓዴ፣ ማውሱን አምስት ደቂቃ ካልነካህ ቢጫ። አምስት ደቂቃ! ይህን የሠራው ሰው ቡናውን በወረቀት ኩባያ ይዞ እየተራመደ የሚጠጣ መሆን አለበት። የወሎ ቡና አቦል አለው፣ ቶና አለው፣ በረካ አለው፤ ከመሃል ደግሞ ዱዓው አለ። በረካን ሳትጠጣ ብትነሳማ ቡና የሚያፈሉልን እትዬ «ምን አስቀየምኩህ?» ብለው ሳምንት ያኮርፉሃል። ስለዚህ ጠዋት አራት ሰዓት ሲሆን መስከረም የጠባ ይመስል ቅርንጫፉ በሞላ ቢጫ በቢጫ ይሆናል።

አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ ደወሉ። ስልኩ ላውድ ላይ ነው።

«ምነው ደሴዎች፣ ሁላችሁም ቢጫ ሆናችሁ?»

በር ላይ የቆሙት ጥበቃችን ጋሼ ሰምተው ክው አሉ። «ያ ረቢ! የወፍ በሽታ ነው እኮ! ሐይቅ መንገድ ላይ መድኃኒቱን የሚያውቁ ሰውዬ አሉ፤ ሳይብስባችሁ እንሂድ።» አስረዳናቸው። ካስረዳናቸው በኋላም ግን ለሁለት ቀን ዓይን ዓይናችንን ሲያዩ ነበር።

መላውን ያመጣው የሒሳብ ክፍሉ ልጅ ነው። ማውሱን ገልብጦ ከሥሩ የምትበራውን ቀይ መብራት አሳየን። «ባለ ሰከንድ ቆጣሪ የእጅ ሰዓት አምጡ» አለ። የኃላፊያችን ሰዓት ዲጂታል ሆኖ ወደቀ። ጋሼ ልጃቸው ከጅዳ የላከችላቸውን ሰዓት እያመነቱ ፈቱ። ልጁ ሰዓቱን ጠረጴዛው ላይ አጋደመና ማውሱን አናቱ ላይ አስቀመጠው። ቆጣሪዋ በመብራቷ ሥር ሽው ባለች ቁጥር ስክሪኑ ላይ ያለችው ቀስት ንቅንቅ ትላለች። ነጥቧም አረንጓዴ! እትዬ ሳይቀሩ እልል አሉ።

በሳምንቱ ሁሉም ከሰኞ ገበያ ርካሽ ርካሹን ሰዓት ገዝቶ መጣ። የጋሼ ሰዓት ኃላፊያችን ጠረጴዛ ላይ ቀረ። ቡናችን ወደ ወጉ ተመለሰ፤ እንዲያውም ቆሎው በዛ።

አርብ ከጁምዓ በኋላ መብራት ጠፋ። መብራት ከጠፋ ደግሞ ምን ይሠራል፤ ላፕቶፑን የዘጋ፣ ሰዓቱን ያነሳ የለም፣ ሁሉም ሹልክ። እኛ ፒያሳ ሳንደርስ መብራቱ ተመልሶ መጣ።

ሰኞ ጠዋት ግሩፑ ላይ ከሥራ አስኪያጁ ረጅም መልእክት ጠበቀን። የደሴ ቅርንጫፍ ቅዳሜና እሁድን፣ ሌሊቱን ጭምር፣ አንድም ሰው ቢጫ ሳይሆን ሠርቶ ማደሩን ለሌሎች ቅርንጫፎች አርአያ አድርገው ጽፈዋል። የኮምቦልቻዎቹ አውራ ጣት ደረደሩበት፤ ምቀኝነታቸው ከአውራ ጣቱ ላይ ይነበባል። የመጨረሻዋ መስመር ግን «በሁለቱ ቀናት የሠራችሁትን እስከ ዛሬ 11 ሰዓት ላኩልኝ» ትላለች።

የዚያን ቀን ቡና አልተፈላም። የሦስት ወር ፋይል አገላብጠን፣ ያለቀውን እንዳላለቀ፣ ያላለቀውን እንዳለቀ አድርገን ስንጽፍ ዋልን። አሥራ አንድ ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ላክን። ሥራ አስኪያጁም ለታታሪዎቹ ክፍያ እንዲታሰብ ማዘዛቸውን ጻፉ።

ወሬው በር ላይ ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም። ጋሼ ካፖርታቸውን አስተካክለው ገቡና ኃላፊያችን ፊት ቆሙ።

«የትርፍ ሰዓት ሊከፈል ነው አሉኝ።»

«አዎ ጋሼ።»

«እንግዲያው ለእኔ ነው የሚከፈለው። እናንተማ ቤታችሁ ነበራችሁ፤ ሲሠራ ያደረው የኔ ሰዓት ነው።»