ሊነክስ ኢሜጅ ከማንሳታችሁ በፊት ከሰርቨሩ ላይ መጥፋት ያለባቸው ነገሮች

ኢሜጅ ማለት ሌሎች ሰርቨሮች ላይ የሚጫን የአንድ ሰርቨር ዲስክ ሙሉ ቅጂ ነው፤ ክሎንዚላ የተባለው ፕሮግራም በደቂቃዎች ያነሳዋል። ጊዜ መስጠት ያለባችሁ ከዚያ በፊት ላለው ዝግጅት ነው። አንድ ሊነክስ ሰርቨር ተጭኖ አንዴ ቡት ካደረገ የራሱ ብቻ የሆኑ ነገሮችን ዲስኩ ላይ ይጽፋል፤ እነሱ ሳይጠፉ ኢሜጅ ከተነሳ፣ ሃያ ሰርቨር ላይ የምትጭኑት ያንኑ አንዱን ሰርቨር ሃያ ጊዜ ነው። ከዚህ በታች ያለው በኡቡንቱ 22.04 ላይ የተመሠረተ ነው፤ ሌሎቹ የሊነክስ ዓይነቶች ሮኪና ሬድሃት የሚለዩበት ቦታ ላይ እጠቅሳቸዋለሁ።

ብዙ ሰውን የሚያለፋው ማሽን-አይዲ፣ ማለትም የማሽኑ መለያ ነው። ኢቲሲ በሚባለው የቅንብር ፎልደር ውስጥ ያለች፣ 32 ፊደልና ቁጥር የያዘች ባለ አንድ መስመር ፋይል ናት። ኡቡንቱ ሰርቨር ላይ ኔትወርኩን የሚመራው ሲስተምዲ-ኔትወርክዲ ዲኤችሲፒን (አይፒ አዳዩን ሰርቨር) አይፒ ሲጠይቅ ራሱን የሚያስተዋውቀው በኔትወርክ ካርዱ መለያ፣ በማክ አድራሻው ሳይሆን ከዚህች ፋይል በሚያወጣው መለያ ነው። ስለዚህ ማካቸው ቢለያይም ሁለት ቅጂዎች ለዲኤችሲፒው አንድ ማሽን ናቸው፤ ያንኑ አይፒ ለሁለቱም ይሰጣል። በኤስኤስኤች ስትገቡ አንዴ አንደኛው፣ አንዴ ሌላኛው ይከፍትላችኋል። ፒንግ መሀል ላይ ይቆረጣል፤ ሰውም ኬብልና ስዊች ሲፈትሽ ይውላል።

መፍትሔው ትራንኬት በሚለው ትእዛዝ የፋይሏን መጠን 0 ማድረግ ነው። አትሰርዟት፤ ፋይሏ ከሌለች፣ ሩት (ዋናው የፋይል ክፍል) ገና ለንባብ ብቻ ተከፍቶ ባለበት ሰዓት፣ ሲስተሙን የሚያስነሳው ሲስተምዲ አዲሱን መለያ የሚያሳርፍበት ቦታ ያጣል። ቫር ሊብ ዲባስ በሚባለው ፎልደር ውስጥ ያለችውንም ማሽን-አይዲ እዩ፤ ወደ ኢቲሲዋ የምትጠቁም ሊንክ መሆን አለባት። ራሷን የቻለች ፋይል ከሆነች ሲስተምዲ የድሮውን መለያ ከእሷ ላይ መልሶ ይቀዳዋል፣ ልፋታችሁም ከንቱ ይቀራል።

ቀጥሎ የኤስኤስኤች ሆስት ቁልፎች፣ ማለትም ሰርቨሩ ማንነቱን ለሚገባው ሰው የሚያረጋግጥባቸው። ሁሉም ሰርቨር አንድ ቁልፍ ከያዘ፣ የአንዱ ቁልፍ ያመለጠ ቀን የሁሉም አመለጠ ማለት ነው። መሰረዝ ብቻ ግን አይበቃም። ሮኪና ሬድሃት ላይ ሲነሳ ራሱ አዲስ ይፈጥራል፤ ዴቢያንና ኡቡንቱ ላይ ቁልፉ የሚፈጠረው ፓኬጁ ሲጫን ነው፣ ካልሆነም ማሽኑ መጀመሪያ ሲነሳ በሚያዘጋጀው ፕሮግራም በክላውድ-ኢኒት። ክላውድ-ኢኒት ከተዘጋ ኤስኤስኤች ቁልፍ አጥቶ አይነሳም፤ ሰርቨሩ ደግሞ ሌላ ከተማ ካለ ችግር ነው። እንግዲያው ወይ ክላውድ-ኢኒትን ክሊን በሚለው ትእዛዝ አጽድታችሁ ክፍት ተዉት፣ ወይ መጀመሪያ ሲነሳ ቁልፍ የሚፈጥር ትንሽ ሰርቪስ ጨምሩ።

የሲስተምዲ ራንደም-ሲድ (የዘፈቀደ ቁጥር መነሻ)፣ የአይስከዚ ኢኒሼተር ስም (ማሽኑ ኔትወርክ ላይ ካለ ዲስክ ጋር ሲገናኝ የሚጠራበት)፣ ሎጎች፣ የሩት ተጠቃሚ የትእዛዝ ሂስትሪ፣ ሰርቨሮችን ከአንድ ቦታ የሚያስተዳድሩት የፓፔት ወይም የሶልት ሰርተፍኬቶች፣ ማክ አድራሻ የተጻፈበት የኔትፕላን (የኔትወርክ ቅንብር) ፋይል፦ እነዚህም መጽዳት አለባቸው። ይህን ሁሉ መጨረሻ ላይ አድርጉት፣ ከዚያ ወዲያው ማሽኑን አጥፉት። ለማረጋገጥ ብላችሁ አንዴ ካስነሳችሁት ሁሉንም መልሶ ይጽፈዋል።

የተለያየ ሃርድዌር ላይ የምትጭኑ ከሆነ ትልቁ ወጥመድ ኢኒትራምኤፍኤስ ነው፤ ከርነሉ (የሊነክስ እምብርት) ሲጀምር ዲስኩን ለማግኘት የሚያስፈልጉትን ድራይቨሮች የያዘ ፋይል ነው። ሮኪና ሬድሃት ላይ ይህን ፋይል የሚሠራው ድራከት የሚያስገባው የዚያን ማሽን ድራይቨር ብቻ ነው። ሳታ ዲስክ ያለው ማሽን ላይ የተነሳ ኢሜጅ ሬይድ ካርድ ያለው ሰርቨር ላይ ሲጫን፣ ሊነክስን የሚያስነሳው ግረብ በደንብ ይከፍታል፣ ከርነሉ ይጀምራል፣ ከዚያ ዲስኩን ሲጠብቅ ቆይቶ የድራከት ኢመርጀንሲ ሼል ላይ ይቆማል። ዲስኩ አልተበላሸም፤ ድራይቨሩ ነው የሌለው። ኢሜጁን ከማንሳታችሁ በፊት ድራከትን ኖ-ሆስትኦንሊ በሚለው ምርጫ ለሁሉም ከርነሎች እንደገና አሂዱት። ኡቡንቱ ላይ ኢኒትራምኤፍኤስ ኮንፍ ውስጥ ሞጁልስ የሚለው ሞስት መሆኑን ማየት ይበቃል።

ዩኢኤፍአይም (ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) እንዲሁ ያታልላል። ከየትኛው ፋይል ቡት እንደሚደረግ የሚመዘገበው ማዘርቦርዱ ላይ እንጂ ዲስኩ ላይ ስላልሆነ ኢሜጁ ይዞት አይሄድም። ግረብን ሪሙቨብል በሚለው ምርጫ ስትጭኑት ማዘርቦርዱ ምዝገባ ሳያስፈልገው የሚፈልገው ቦታ ላይ ይቀመጣል።

ዋናውን ማሽን በትንሽ ዲስክ ሥሩ። ክሎንዚላ እንደተለመደው መድረሻው ዲስክ ቢያንስ የምንጩን ያህል እንዲሆን ይፈልጋል። ሩት ፓርቲሽኑን መጨረሻ ላይ አድርጉት፤ ከዚያ ትልቅ ዲስክ ላይ ሲጫን ፓርቲሽኑን በግሮውፓርት፣ ቀጥሎም ፋይል ሲስተሙን፣ ኢኤክስቲ4 ከሆነ፣ በሪሳይዝ2ኤፍኤስ ማስፋት ነው።

ማሰራጨቱ ላይ ሂሳቡን ሥሩ። 1 ጊጋቢት ኔትወርክ በሰከንድ ወደ 110 ሜጋባይት ያሳልፋል። 8 ጊጋባይት ኢሜጅ ለሃያ ሰርቨር ለየብቻ ሲላክ 25 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ አንዱን ስርጭት ሁሉም እኩል በሚቀበሉበት በመልቲካስት ግን ለአንዱ ከሚፈጀው ብዙ አይበልጥም፣ በጣም ቀርፋፋው ዲስክ ሁሉንም ካላስጠበቀ በቀር። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ዝውውሩ ቀጥ ካለ ስዊቹን እዩ፦ አይጂኤምፒ ስኑፒንግ (መልቲካስቱን ለተመዘገቡ አባላት ብቻ የሚያደርስ ቅንብር) ተከፍቶ አባላቱን በየጊዜው የሚጠይቅ ኩዌሪየር ከሌለ ስዊቹ አባላቱን ይረሳቸዋል።

ሙከራው አንድ ማሽን ላይ ብቻ ከሆነ ከላይ ያሉት ግጭቶች አንዱም አይታዩም። ሁለት ሰርቨር ላይ ጭናችሁ እኩል አስነሷቸው። ማሽን-አይዲያቸውን፣ የኤስኤስኤች ቁልፍ አሻራቸውን፣ አይፒያቸውንና ሆስትኔማቸውን (የማሽን ስማቸውን) ጎን ለጎን አስተያዩ። ከአራቱ አንዱ እንኳ ከተመሳሰለ ወደ ዋናው ማሽን ተመለሱና አጽድታችሁ ኢሜጁን እንደገና አንሱ።